ለፋኢዛ የተሰጠ ድምፅ

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ሱቁስ? ስልኩ ስለማይሠራ ይችን በሚኒባሱ ሹፌር በዘመነ እጅ ልኬያለሁ። ክረምቱን ሙሉ ስለጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ። መንገዱ ሲከፈት እኔ ሥራ ላይ፣ እኔ ሲመቸኝ መንገዱ ዝግ፤ እንዲሁ ስንፈላለግ ከረምን።

አሁን ቁጭ ብለው ያንብቡ። የቦርዱ ጸሐፊ ሆኛለሁ! እርስዎ በየደጁ እየዞሩ የቁይን ሰው አክሲዮን ያስገዙለት ነጭ ዘለላ ዱቄት አክሲዮን ማኅበር፣ ከእንግዲህ ቦርዱ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅዎ ናት። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች "አንቺማ ከባለሀብት ጋር ሻይ ጠጪ ሆንሽ" ይሉኛል። ሻዩን የምቀዳውም እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም።

የመመረቂያ ጽሑፌ ትዝ ይልዎታል? "ይኼ ሁሉ ወረቀት ስንት ስኳር ይጠቀልል ነበር" ያሉት? እሱ ስለዚሁ ጉዳይ ነበር። ቦርድ ለባለአክሲዮኑ ትርፍ ማምጣት አለበት። ግን ሠራተኛውም፣ ስንዴ አቅራቢው ገበሬም፣ ወፍጮው የቆመበት ሰፈርም ከማኅበሩ የሚጠብቁት አለ፤ ባለድርሻ አካላት እንላቸዋለን። የእነሱ ጥቅምና የባለአክሲዮኑ ትርፍ ሲጋጩ ቦርዱ ምን ያድርግ? እኔ መልስ አለው ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ዛሬም አለው እላለሁ። ሊቀ መንበሩ አቶ ምስጋናው ጽሑፉን አሳጥሬ ቦርዱ የሚመራበት ረቂቅ አድርጌ እንዳቀርብላቸው አዘውኛል። ከደስታዬ የተነሣ ምግብ እንኳ አልበላ ብሎኛል።

የማኅበሩ የቁይ ወፍጮ ይነሣል ወይ ብለው ለጠየቁኝ ግን መልስ የለኝም። አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ ቦርዱ ውስጥ የሰማሁትን ላላወጣ ፈርሜያለሁ። እባክዎ አይቀየሙኝ። እዚያ ክፍል ያሉትም ሰዎች ናቸው፤ ሰው ደግሞ በደንብ ካስረዱት ይገባዋል። አይስጉ።

ልጅዎ ፋኢዛ


ቁይ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋኢዛ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ሹመትሽን ሱቅ ለገባ ሁሉ ሳልነግር አላስወጣሁም። ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው ቃለ ጉባኤ ምን እንደሆነ ተምሮ ይወጣል። ጉልበቴን ተይው፤ እሱ የራሱ ቦርድ አለው፣ እኔን አያማክረኝም።

አላወጣም ብለሽ ከፈረምሽ አታውጪ። እኔ ያየሁትን ግን ልጻፍልሽ፤ ላለማየት አልፈረምኩም። ባለፈው የገበያ ዕለት ሁለት ሰዎች ከማርቆስ መጥተው የወፍጮውን ሞተር በሜትር ለኩት። "ልብስ ልታሰፉለት ነው?" አልኳቸው። አልሳቁም። እንዲህ ሲባል ያልሳቀ ሰው ያሰጋኛል።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል ደጃቸው ቆመው ያያሉ። ወፍጮው የቆመው በእሳቸው ግቢ መሆኑን ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ የመሬቱን ካሳ በገንዘብ እንስጥዎ ሲባሉ፣ "አክሲዮን ይሁንልኝ፣ ወፍጮው ከደጄ ይሁን" ያሉት በእኔ ምክር ነው። ለሰፈሩ በቅናሽ ሊፈጭ፣ የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ተማሪዎች ለምነው ያመጡትን እህል በነፃ ሊፈጭ ቃል የተገባው እኔ ባለሁበት ነው። አልተጻፈም። ማን ያን ጊዜ ይጽፋል? ተጨባብጠን ነው።

ይኼ ከተነሣ ያለን ወፍጮ ከወንዙ ማዶ ያለው ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ማን ሊሻገር ነው? በበጋውስ፣ በዚህ ዘመን፣ የትኛዋን ሴት እህል አሸክመን ብቻዋን ልንሰድ ነው?

እማሆይ በመጡ ቁጥር "ፋኢዛ ምን አለች?" ይሉኛል። "ደህና ነኝ አለች" እላቸዋለሁ። እስኪ ሌላ የምላቸው ነገር ላኪልኝ።

አባትሽ አብዱልቃኒ


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

አሁን መናገር እችላለሁ! የጉባኤው ጥሪ በጋዜጣ ወጥቷል። ጋዜጣው ቁይ እንደማይደርስ ስለማውቅ ቆርጬ ልኬልዎታለሁ። ሦስተኛውን አጀንዳ ይመልከቱ፤ የቁይን ወፍጮ መሣሪያዎች ወደ ደብረ ማርቆስ ማዛወር ይላል።

አቶ ምስጋናው ክፉ ሰው ናቸው ብለው እንዳያስቡ፤ አይደሉም። ማኅበሩ ሁለት ዓመት ትርፍ አላከፋፈለም። ትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች ዘንድሮም ባዶ እጃችንን ከወጣን ድርሻችንን ሸጠን እንወጣለን ብለዋል። እነሱ ከወጡ ፋብሪካው ይቆማል፤ የፋብሪካው ሠራተኞችም ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው። የቁዩ ወፍጮ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ናፍጣ ይፈልጋል፣ ናፍጣው አይገኝም፤ ሰፈሩ የሚከፍለው የቅናሽ ዋጋም ወጪውን አይሸፍንም። ሁሉም እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነገሩ በሠንጠረዥ ነበር የሚታየኝ። አሁን በየሳጥኑ ውስጥ የማውቀው ሰው ተቀምጦበታል።

ግን አንድ ነገር አሸንፌያለሁ። ቦርዱ ይኼን ብቻውን ወስኖ ሊጨርሰው ነበር። እኔ በረቂቁ ላይ "የአካባቢን ሕዝብ የሚነካ ጉዳይ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ" ብዬ አስገብቼ ነበርና አቶ ምስጋናው ተቀበሉኝ። "ልጅቷ ልክ ናት" አሉ፣ በሁሉም ፊት! ስለዚህ ታኅሣሥ 6 የሚወስነው ባለአክሲዮኑ ነው። የቁይ ሰው ድርሻ በየራሱ ትንሽ ነው፤ አንድ ላይ ከሆነ ግን ከሚቃወሙት ሌሎች ጋር ውሳኔውን ለማስቀረት ይበቃል። ደምሬ አይቼዋለሁ።

መምጣት የሚችል ይምጣ። የማይችል ውክልና ይስጥ። ቅጾቹን ልኬያለሁ፤ ይፈርሙባቸው፣ የማይጽፍ ጣቱን ያትም፣ ፍርድ ቤት ያረጋግጠውና ለሚመጣ ባለአክሲዮን ይሰጥ። እዚህ ያለው ዘመዳችን አብዱራህማንም ባለአክሲዮን ነው፤ እሱን ቢወክሉ ይመቻል።

ስለ ጋብቻ በዘመነ በኩል የላኩብኝን ከጉባኤው በኋላ እንነጋገርበታለን። ኢንሻአላህ።

ልጅዎ ፋኢዛ


ቁይ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋኢዛ፣

ጨርሰናል! ውክልናው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ ዘመነ ከወንበሩ ሥር ሸሽጎ ያመጣልሻል።

እንዴት እንደሆነ ላውራሽ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተሰበሰብን፤ አንድም ባለአክሲዮን አልቀረም። ጋዜጣውን አነበብኩላቸው። አብዱራህማን ይወክለን አልኩ። አንሙት፣ ያ ምላሰኛ፣ ከኋላ ተነሣና "አብዱራህማን ዱቄት በጅምላ የሚሸጠው ነው? ወፍጮው ሲሄድ ዱቄት ማን ሊሸጥልን ነው?" አለ። ዘመዴ ነው ብዬ ብቆጣ፣ "ለእርስዎ ዘመድ፣ ለእኛ ዱቄት ሻጭ" አለኝ። ሰው ሳቀ፤ የአብዱራህማን ነገር በሳቅ ቀረ።

መሪጌታ ይሂዱ ተባለ። "ተማሪዎቼን ለማን ጥዬ?" አሉ። "ደግሞ በየኬላው ውረዱ፣ ውጡ ሲባል እኔ መውረዱን እንጂ መውጣቱን አልችለውም።" እኔስ በዚህ ጉልበት? ሌላውም ፊቱን አዞረ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መንገዱን ፈርተናል።

ያኔ እማሆይ ከግንቡ ሥር ሆነው፣ "ምን ታስቸግራላችሁ? ልጃችን እዚያው አዳራሹ ውስጥ አይደለችም እንዴ? መንገድ አትሄድ፣ አበል አትጠይቅ" አሉ። እንዴት እስካሁን አላሰብነውም ተባለ። አንሙት እንኳ ተቃውሞ አጣ። "ስታለቅስ በጀርባዬ አዝያታለሁ" ያለች ሴት ሁሉ ቀድማ ልታትም ተጋፋች። እኔም ከኋላቸው ተሰልፌ ፈረምኩ።

ስምሽን በየቅጹ የጻፉት መሪጌታ ናቸው። እንዳይበላሽ ብለው እንደ ብራና ቀስ ብለው፣ አንድም ሳይሰርዙ። የፍርድ ቤቱ ማኅተም አለበት። ከእንግዲህ በዚያ አዳራሽ ቁይ ማለት አንቺ ነሽ። ቁርስ በልተሽ ግቢ።

አባትሽ


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ዘመነ ዛሬ ገባ፤ መንገድ ተዘግቶበት ደጀን በኩል ዞሮ ነው። ውክልናዎቹ ደርሰውኛል።

አባባ፣ የማኅበሩ ተቀጣሪ ባለአክሲዮን መወከል አይችልም። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አለ። በእኔ ስም የተሰጠ ሁሉ ዋጋ የለውም። ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን አልጻፍኩም። እኔን ይወክላሉ ብዬ እንዴት ላስብ? አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ደግሞ፣ ሌላ ማንን ሊወክሉ ኖሯል እላለሁ።

ስልክ ሞከርኩ። ዘመነን ቁይ ደርሰህ ና ብዬ ለመንኩት፤ "እህቴ፣ ብሄድ ነገ አልመለስም፣ ብመለስም ፍርድ ቤቱ እስከ ሰኞ ዝግ ነው" አለኝ። ልክ ነው። አብዱራህማን ጋ ሄድኩ። "በእኔ ስም ካልተጻፈ ምን ላድርግልሽ?" አለ። እሱም ልክ ነው። ዛሬ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ልክ ነው።

አሁን አቶ ምስጋናው ጋ እየሄድኩ ነው። እሳቸው ይሰሙኛል። ደብዳቤውን ሳልዘጋ ላቆየው፤ ምናልባት የምሥራች እጨምርበት ይሆናል።


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ከላይ ያለው የሚሄድ መኪና አጥቶ ቆይቷል፤ እንዳለ ልኬዋለሁ።

ሦስተኛው አጀንዳ ጸድቋል። መሣሪያዎቹ በጥር ይነሣሉ። እማሆይን፣ መሪጌታን፣ አንሙትንም ይቅርታ ይጠይቁልኝ። የጉባኤውን ነገር በዝርዝር መጻፍ አልቻልኩም። ምሳው ጥሩ ነበር። ከመድረኩ በላይ የረቂቄ ርዕስ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል፤ "ለባለድርሻ አካላት ሁሉ" ይላል። አቶ ምስጋናው በጣታቸው አሳዩኝ፤ "የአንቺ ነው" አሉኝ።

ለጉልበትዎ ቅባት ልኬያለሁ። ሲተኙ ይቀቡትና በጨርቅ ይጠቅልሉት።

ፋኢዛ


ቁይ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋኢዛ፣

ቅባቱ ይሸታል እንጂ መልካም ነው።

መኪናው ማክሰኞ መጣ። ጫኝ አላመጡም። ሞተሩን ተሸክሞ የጫነው የሰፈሩ ወጣት ነው፤ ማን ይጫን? እማሆይ ለጫኞቹ ጠላ አወጡ። "ለምን?" ብላቸው፣ "ከግቢዬ ሰው ደክሞ አይወጣም" አሉኝ። አንሙት ሲጭን ዋለና መኪናው ሲነሣ ቁጭ ብሎ እጁን አየ።

አንቺ ጉባኤውን አልጻፍሽልኝም። አልጠየቅኩሽም ነበር። ነገር ግን አብዱራህማን ለለቅሶ መጥቶ ሳለ፣ አንዲት ልጅ ቆማ የቁይን ሰው ስም አንድ በአንድ አነበበች አለኝ። አንቺ ነሽ ወይ? ምን ልትይ ነው ያነበብሽው? ብጠይቀው "እሷን ጠይቃት" ብሎ ወሬ ለወጠ።

እማሆይ አብረውን ነበሩ። "ስሜ ተጠራ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወለተ ሚካኤል ብላ ጠራችኝ?" አሉ፤ ፊታቸው በራ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ይናገሩታል። ወፍጮው ቢሄድም ስማችን ተጠርቷል ይላሉ። እኔ ዝም ብያለሁ። ዝም ማለቴ ልክ ነው ወይስ አይደለም፣ ጻፊልኝ።

አባትሽ


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

አዎ፣ እኔ ነኝ። ተቀባይነት የሌለውን ውክልና ከነምክንያቱ ለጉባኤው የሚያነበው ጸሐፊው ነው።

አቶ ምስጋናው ጋ የሄድኩ ጊዜ፣ ውክልናዎቹን ይቀበሉልኝ፣ ይኼ ካልሆነ ቢያንስ ሌላ ሰው ያንብብልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ያን ዕለት ሻዩን የቀዱት እሳቸው ናቸው። "ፋኢዛ፣ ዛሬ ደንቡን ለአንቺ ሰዎች ብጥሰው ነገ ትልልቆቹ ለራሳቸው ይጥሱታል። ያን ጊዜ ትንሹን ባለአክሲዮን ማን ያድነዋል?" አሉኝ። ይኼ ከእኔው ረቂቅ ነው አባባ። የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ቆምኩ። ስም እጠራለሁ፣ "ተቀባይነት የለውም" እላለሁ። ስም እጠራለሁ፣ "ተቀባይነት የለውም"። በመጀመሪያ ሰው የራሱን ወሬ ያወራ ነበር። የተወካይዋ ስም ሁሌ ፋኢዛ አብዱልቃኒ መሆኑ ሲገባቸው አንዱ ሳቀ፣ አዳራሹ ተከተለው። ክፋት አልነበረበትም፤ ከተቀመጡት ወገን ብሆን እኔም እስቅ ነበር። ወለተ ሚካኤል የሚለው ጋ ስደርስ ሳቁ ገና አላለቀም ነበር። አዎ፣ ጠራኋቸው። የተጠሩት እንዲህ ነው።

ድምፅ ሲቆጠር አብሬ ቆጠርኩ። ያኔ የደመርኩት ልክ ነበር። እንበቃ ነበር።

ሥራውን ልለቅ ነው። መጥቼ ሱቁን ላግዝዎት። ለእማሆይም እኔው ራሴ ልንገራቸው።

ፋኢዛ


ቁይ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋኢዛ፣

ረመዳን ሙባረክ። ዘንድሮ እኛም ክርስቲያኖቹም አንድ ላይ ጾም ገባን፤ ቀን ሻይ ቤቱ ውስጥ ዝንብ ብቻ ነው ያለው።

አትልቀቂ። ሱቁ ለአንቺ አይበቃም። ደግሞ አትታዘቢኝ፣ ዱቄት መሸጥ ጀምሬያለሁ፤ ከአብዱራህማን ነው የማመጣው፣ ከረጢቱ ላይ ነጭ ዘለላ ይላል። ወንዝ መሻገር የፈራ ሁሉ ከእኔ ይገዛል። አንሙት ሲገዛ "እንግዲህ እርስዎም ዱቄት ሻጭ ሆኑ" አለኝ። ሳቅሁ። ምን ላድርግ? የመሪጌታ ተማሪዎች መግዣ ስለሌላቸው ያመጡትን ቆልተው ይበላሉ። መሪጌታ "ድሮስ የቆሎ ተማሪ አይደል የምንባለው" ይላሉ፤ ይቀልዳሉ፣ ልጆቹ ግን ከስተዋል።

እማሆይን አንቺ እስክትመጪ አላቆየኋቸውም። ስማቸው ለምን እንደተጠራ ነገርኳቸው። "ታዲያ ለማናውቀው ሰው ልንሰጥ ነበር?" አሉ። አንቺን አልተቀየሙም። ቢቀየሙ ይሻለኝ ነበር አልኳቸው።

የትርፍ ድርሻውም ደረሰ። ዘመነ ነው ያመጣው። ሁሉም ሱቄ እየመጣ ፈርሞ ወሰደ፤ እኔም ወሰድኩ። እማሆይ አልነኩትም። "ከምን ያተረፍኩት ነው?" አሉኝ። ማኅበሩ አተረፈ አልኳቸው። "ማኅበሩማ ወፍጮዬን ወስዶ ያተርፋል። ይኼን መልስላቸውና ግቢዬን ይመልሱልኝ። ቤቱ ባዶ ነው። ጎመን እንኳ እተክልበታለሁ።" አይሆንም ልላቸው አልኩና፣ አይሆንም የምለው እኔ ማን ሆኜ ነው?

ለፋኢዛ ጻፍልኝ አሉ። ጻፍኩልሽ።

አባትሽ


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እዚሁ ነኝ፤ አልለቀቅኩም። ዱቄቱን መሸጥዎ አላስከፋኝም። ለተማሪዎቹ በእኔ ስም አንድ ከረጢት ይስጧቸው፤ ከደመወዜ እልካለሁ። ለሁልጊዜ አይበቃም፣ አውቃለሁ።

የእማሆይን ጥያቄ ለአቶ ምስጋናው ነገርኳቸው። ግቢው የማኅበሩ ንብረት ነው። ባዶውን ቤት ለመጋዘን ሊያከራዩት አስበዋል፤ ኪራዩ በሚመጣው ዓመት ትርፍ ላይ ይደመርና ለእማሆይም ከዚያ ላይ ድርሻቸው ይደርሳቸዋል። ሲያስረዱኝ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። የጠየቅኩትን አጀንዳ አላደርገውም አላሉም፤ "ልዩ ልዩ" በሚለው ሥር አስገቡልኝ። ልዩ ልዩ የመጨረሻው ነው አባባ። እዚያ ሲደረስ ሰው ኮቱን እየለበሰ ነው። ባለፈው ስብሰባ ለበሱ። ዛሬም ለበሱ። አንዱን አባል እጅጌውን ይዤ "አንዲት ነገር ቀርታለች" አልኩት፤ "ለሚቀጥለው፣ ፋኢዛዬ" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ለሚቀጥለው እንደገና አስገብቼዋለሁ።

ለእማሆይ ምን ልበል ካሉኝ፣ ይጠብቁ አይበሏቸው። ከለከሉ ብለውም አይንገሯቸው፤ የከለከለ የለም።

የጎመን መትከያው መቼ ነው? ከዝናቡ በፊት ከሆነ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን የእኛን ቁራጭ መሬት ያሳዩአቸው። ድንጋዩን አንሙት ይልቀምላቸው። ጠባብ ናት፤ ግን የሌላ የማንም አይደለችም፣ የእርስዎ ናትና ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም።

ልጅዎ ፋኢዛ